ርግብ የለንም በያት

«ዶክተሯ ብትጠይቅሽ ርግብ የለንም በያት። ሌላውን ለኔ ተዪው።»

ገርሊንደ ይህን ስትሰማ በአንድ እጇ የካሞሚል ሻይ፣ በሌላው ደረቅ ዳቦ ያለበት ሳህን ይዛ ከመኝታ ቤቱ በር ውጪ ቆማ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። የተናገረው ባሏ ኤቫልት ነው፤ የሚያነጋግረው ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ከአልጋ ያልወረደችውን የልጅ ልጃቸውን ኮሪናን ነው። ኮሪና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። አያቷን «እሺ ኦፓ» ስትለው ተሰማ፤ ቃሉን ግን ሳል ቆረጠው፤ ያ አክታ የሌለው፣ እንጨት በሞረድ ሲፋቅ የሚመስል ደረቅ ሳል። ገርሊንደ ሻዩን ዳቦው ላይ አፈሰሰችው። ገብታ «ምን እያልካት ነው?» ማለት ነበረባት። አላለችም። በዚህ ቤት አርባ ስድስት ዓመት ስትኖር ስለ ርግብ የሚነገረው ሁሉ የኤቫልት ነበር፤ ስለ ከሰል፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ድንችና ስለ ሰው ሆድ ቁርጠት የሚነገረው የሷ። እንዳልሰማች ለማስመሰል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ከዚያ የኮሪደሩን ጣውላ ሆን ብላ እያስጮኸች ተመለሰች። ኤቫልት ወዲያው ከአልጋው ጠርዝ ተነሳ። «ይኸው ሻይሽ መጣ» አለና ፈገግ ብሎ በአጠገቧ አልፎ ወጣ። ፈገግታው ነው ይበልጥ ያስፈራት።

የሙቀት መለኪያው ሠላሳ ዘጠኝ ከስድስት አለ። መነጽሯን አውልቃ በሽርጧ ጠርጋ እንደገና አየችው፤ ያው ነው። ዓርብ ዕለት ዶክተር ኩልማን «ፔኒሲሊኑ በሁለት ቀን ያወርደዋል፤ ለጽንሱም አይጎዳም» ብላ ነበር። ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ፣ ሰኞ አለፈ፤ ክኒኑ ከሳጥኑ ይጎድላል እንጂ ትኩሳቱ ወይ ፍንክች። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተመልሰው እንዲመጡ ታዘዋል። ገርሊንደ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈተችው፤ ብርድ ይመታታል ብላ ፈርታ ዘጋችው፤ አየር ያጥራታል ብላ ፈርታ መልሳ ከፈተችው። የልጅቱ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ጠጉሯ ከግንባሯ ላይ ተጣብቋል። ገርሊንደ አልጋው ጎን ተቀምጣ የልጅቱን ትንፋሽ ቆጠረች፤ ሃያ ስምንት። ትናንት ሃያ አራት ነበር።

«ራስሽ አሁንም ያምሻል?»

«ራሴ ውስጥ ትራም ይመላለሳል ኦማ። ያውም በየፌርማታው እያፏጨ።»

«ልጁስ? ይራገጣል?»

«ተኝቷል መሰለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኦማ፣ በናትሽ። ትናንት ሲራገጥ ‹ለምን ይራገጣል› ብለሽ አልቅሰሻል። ይተኛ ተዪው።»

ገርሊንደ ሳቀች። ዳቦውን በሻይ ነክራ አጎረሰቻት፤ ሁለቴ ጎርሳ ፊቷን አዞረች። የልጁ አባት ሮስቶክ ከተማ ግንብ ይሠራል፤ የሚመጣው ዓርብ ማታ ነው። እሱን ማን ይጠብቃል? ዓርብ ሩቅ ነው። ከነገ ወዲያ እንኳ ዛሬ ሩቅ ነው።

ከዚህ ክፍል አሥራ ስምንት ደረጃ ወደ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የኤቫልት ሠላሳ ሁለት ርግቦች አሉ። የበርሊን አጭሮች ይባላሉ። ዘራቸው ከተገልባጭ ርግብ ነው፤ የጥንቶቹ ሰማይ ላይ ወጥተው እንደተወረወረ ሳንቲም ይገለባበጡ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እነዚህ ግን ስንት ትውልድ ለመልክ ብቻ ሲመረጡ ኖረው፣ ዛሬ ከመስኮቱ እስከ ጎረቤት ጭስ ማውጫ ከበረሩ ትልቅ ነገር ነው። የሚፈለገው ጭንቅላታቸው ነው፤ ሰፊ ግንባር፣ እንደ ሉል የነጣ ዓይን፣ የገብስ ፍሬ የምታህል ምንቃር። ጉዱ ያለው እዚያች ምንቃር ላይ ነው። ከማጠሯ የተነሳ እናቲቱ የገዛ ጫጩቷን በወጉ ማጉረስ አትችልም። ስለዚህ የርግብ አርቢ ማኅበሩ ሰዎች ሁሉ እንቁላሏን ይወስዱና ምንቃረ ረጅም ከሆነች ተራ ርግብ ሥር ያስታቅፉታል፤ የተራዋን እንቁላል ይጥሉታል። እንዲህ ያለችዋን ሞግዚት ይሏታል። በመጋቢት መጨረሻ ክፍት በተረሳ መስኮት ጭልፊት ገብታ ከሞግዚቶቹ አንዷን ይዛ ሄደች፤ ወንዱ ደንግጦ ጎጆውን ተወ፤ ሁለት ጫጩቶች ላባ ሳያወጡ ብርድ ላይ ቀሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን በስሪንጅ ያጎርሳቸው ነበር። ኤቫልት ስሪንጅ አይወድም። «ጫጩት ፕላስቲክ ስታይ ትታነቃለች» ይላል። የሚያውቀው አባቱም አያቱም ሲያደርጉ ያየውን ነው፤ አተር ታኝካለህ፣ ታልመዋለህ፣ የጫጩቷን ምንቃር በከንፈርህ መሃል ታስገባለህ፤ እሷ ራሷ ከአፍህ ትቀዳለች። እሱ ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ጥርሱ የራሱ አይደለም፤ ሲያኝክ ይንቀጫቀጭበታል፣ ጫጩቶቹም ይሸሹታል። ስለዚህ ኮሪና ተተካች። ሆዷን በእጇ ደግፋ አሥራ ስምንቱን ደረጃ በቀን አራት ጊዜ ወጣች፤ አሥር ቀን ሙሉ። አተሩን ማታ ማታ የዘፈዘፈችው፣ ገለባውን የላጠችው ገርሊንደ ናት። አንድ ጠዋት ከደረጃው አናት ቆማ የልጅቱን ከንፈርና የጫጩቷን ምንቃር አፍ ለአፍ ሲገናኙ አይታ «እኔም ሙሽራ ሳለሁ እንዲሁ አጉርሻለሁ» ብላ ኮርታ ነበር። አሁን ያ ኩራቷ ትዝ ሲላት ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ተከለችው።

ኮሪና እንቅልፍ ሲወስዳት ገርሊንደ የጋዙን ቁልፍ ሁለት ጊዜ አይታ ወደ ላይ ወጣች። ኤቫልት ወለሉን እየጠረገ ነበር። ብናኙ በጣሪያው መስታወት በሚገባው ጨረር ውስጥ እንደ ዱቄት ይንሳፈፋል። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገርሊንደ እዚያ ክፍል ስትገባ ትንፋሿን ያዘች፤ ኋላ አልቻለችምና የሽርጧን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ርግቦቹ እንደ ሁልጊዜው በየሣጥናቸው ያጉረመርማሉ። ከጫጩቶቹ አንዷ ሐሙስ ዕለት መሞቷን ታውቃለች። አንዲት ጥቁር እናት ግን ከጥግ ተነፋፍታ ተቀምጣለች፤ አንድ ዓይኗ አልቅሷል፤ የጉንጯ ላባ ረጥቦ ተጣብቋል።

«የሷ ዓይን ምን ሆነ?»

«ንፋስ መታት።»

«የምን ንፋስ? ጭልፊቷ ከገባች ወዲህ መስኮቱን ደፍነኸው የለም?»

ኤቫልት መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። «ስሚ ሊንደ። አንዲት ቃል ካወጣሽ የከተማው የእንስሳት ሐኪም ይመጣል። በሩን ያሽገዋል። ከዚያ የሚሆነውን አጥተሽው ነው? የሆርስትን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። ሆርስት ሞቷል።»

«እኔ በሞላ ስለፈጇቸው ርግቦቹ ነው የማወራው!»

 ኤቫልት ራሱ የተናገረውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጆሮው ቀላ። ቀስ ብሎ «ጉንፋን ነው የያዛት» አለ። «ሚያዝያ አይደለም እንዴ? ግማሹ በርሊን እየሳለ ነው።»

«ግማሹ በርሊን ርግብ አፉ ውስጥ አላስገባም።»

ኤቫልት ያቺን የታመመች ጥቁር ርግብ አንስቶ ደረቱ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ግንባሯን ያሻሽ ጀመር፤ እንዲህ ባለ እጅ፣ እንዲህ ባለ ርኅራኄ፣ ሰው ነክቶ አያውቅም። የዚህ ዘር አሳዳጊ በከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው የቀረው፤ የአባቱ መስመር ደግሞ ከዚህ ጣሪያ ሥር በስተቀር የትም የለም። ገርሊንደ ይህን ታውቃለች። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ማወቋ ነው ጉልበቷን የወሰደባት። ክፉ ቢሆን ኖሮ ገና ጠዋት ትጮህ ነበር።

«ሎሚ ልገዛ ነው» ብላ ወጣች። ለጎረቤቷ «ጆሮሽን ወደኛ በር ጣል አድርጊ» አለቻት፤ ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ሦስት ማርክ ከስልሳ ከፍላ የትራም ቲኬት ቆረጠች። ሎሚ ከቤታቸው ሥር ይሸጣል፤ ለሎሚ ማንም ትራም አይሳፈርም። የምትሄደው ወደ ሆርስት ሚስት ወደ ትሩደ ነበር። ሆርስት የኤቫልት የማኅበር ጓደኛ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በፊት ነው የሞተው። የማኅበሩ ሰዎች በምን እንደሞተ አፍ አውጥተው አይናገሩም፤ «ያ በሽታ» ይላሉ፤ ስሙን የጠራ ወደ ቤቱ የሚጋብዘው ይመስል። ገርሊንደም ለቀብር ሄዳ፣ ኬክ በልታ፣ ሳትጠይቅ ነው የተመለሰችው። ትሩደ ምድር ቤት ውስጥ ልብስ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ስትገባ ሴትዮዋ አፏ ውስጥ መርፌ ነክሳ የሰው ሱሪ እግር ትለካ ነበር።

«አንቺ? አንቺ እዚህ የምትመጪው ወይ ሰው ሲሞት ነው ወይ ዚፕ ሲበላሽ» አለች መርፌዎቹን እየተፋች። «የትኛው ነው?»

«ሆርስት እንዴት ነበር የጀመረው?»

ትሩደ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። የገርሊንደን ፊት ለአፍታ አየችና «ተቀመጪ» አለች። «ራስ ምታት። እንደ ቀንድ የሚወጋ ራስ ምታት። ከዚያ ትኩሳት። ሳሉ እንኳ ኋላ ነው የመጣው፤ ደረቅ ነው። ነጩን ክኒን ሁለት ሣጥን ዋጠ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።»

«ርግቦቹስ ታመው ነበር?»

«ከኔም ከሱም ይሻሉ ነበር! እንደ ሙሽራ ያብረቀርቁ ነበር። ሁለቱ ብቻ ዓይናቸው ያለቅስ ነበር።»

ገርሊንደ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሆስፒታል ሲገባ ‹ቤት ውስጥ ወፍ አላችሁ?› ብለው ጠየቁኝ። ሆርስት ከአልጋው ላይ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ‹ካናሪ እንኳ የለንም› አልኩ። ካናሪን ምን እንዳመጣብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማን ስለ ካናሪ ጠየቀኝ? ሳይነጋ ትንፋሹ እንደ መጋዝ ሆነ፤ ሮጬ ነገርኳቸው። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ለዚህ ከወፍ ለሚመጣው ሌላ መድኃኒት ነበረው፤ ምነው ትናንት በነገርሽኝ› አለ። ትናንት ነው ያለው። ካለፈው ሳምንት አላለም፣ ካለፈው ወር አላለም። ትናንት።» መቀሱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። «ማን ነው? ኤቫልት ነው?»

«ኮሪና ናት። ሰባት ወሯ ነው።»

«ታዲያ እዚህ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?» ትሩደ ብድግ አለች። «ውጪ! ሂጂ! ኮትሽን እየሄድሽ ትቆልፊዋለሽ!»

ትራሙ ጉድ ሠራት። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሰዎች ሐዲድ ይጠግኑ ነበርና አሥራ አምስት ደቂቃ ቆመ። ገርሊንደ ከመስኮቱ ጎን ተቀምጣ ኮቷን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። አንድ ወፍራም ሰው ከፊቷ ቋሊማ በዳቦ ይበላል፤ ሰናፍጩ ሸተታትና ፊቷን አዞረች። ዓለም እንዲህ ናት፤ አንዱ ቋሊማ ይገምጣል፣ የአንዷ ልጅ ደግሞ እያለቀባት ነው። ምን ብላ እንደምትናገር በልቧ ደረደረች። ‹ዶክተር፣ አንድ ነገር ነበር›። አይ፤ ‹ዶክተር፣ ባለቤቴ ሳያውቅ›። እንዴት ሳያውቅ? አጠገቧ ቆሞ? ለብቻዋ ለዶክተሯ ትናገርና ‹የጎረቤት ርግብ ነው› ትበል ይሆን? ውሸቱ ራሱ በምላሷ ላይ ተንሸራተተባት። ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ቀን ሰው ፊት ኤቫልትን ውሸታም አድርጋው አታውቅም። ከዚያ በላይ የፈራችው ደግሞ ልጅቱን ነው። ኮሪና እነዚያን ጫጩቶች በአፏ ያሳደገች ናት። በሕይወት የቀረችው አንዷ የልጅቱን ድምፅ ስትሰማ ክንፏን ታርገበግባለች። ይህንን ካደረገችባት ኮሪና ልጇን ለሷ ታሳቅፋት ይሆን?

ቤት ስትደርስ ስምንት ተኩል ሆኗል። ኤቫልት ልጅቱን አልብሶ፣ ካልሲዋን ሳይቀር ራሱ አጥልቆላት፣ ወንበር ላይ አስቀምጧታል። «ሎሚውስ?» አለ። «አልቋል አሉኝ» አለች። እሱም እሷም ማንም እንዳላመነ ያውቃሉ። በሁለት በኩል ደግፈዋት አራቱን ፎቅ ወረዱ፤ በየመታጠፊያው ኮሪና ግድግዳውን ተደግፋ ታርፋለች፤ ከንፈሯ ዳር ዳሩ ለገርሊንደ ሰማያዊ መስሎ ታያት። ወይስ የደረጃው መብራት ነው? ገርሊንደ ወደ ብርሃን እስኪወጡ ድረስ ዓይኗን ከዚያ ከንፈር አልነቀለችም።

ዶክተር ኩልማን ፈጣን ሴት ናት፤ እየጻፈች ትጠይቃለች፣ እየጠየቀች ታዳምጣለች። ቀዝቃዛውን መሣሪያ በኮሪና ጀርባ ላይ ከቦታ ቦታ አዘዋወረችና ቅንድቧን ሰበሰበች። «የሚገርም ነው» አለች፤ «ጆሮዬ ከሳንባሽ የሚሰማው ትንሽ ነው፤ ትኩሳቱ ግን ይህን ያህል። ከከተማ ወጥተሽ ነበር?»

«አልወጣሁም።»

«የታመመ ሰው ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ቤት ውስጥ እንስሳ አለ? ውሻ፣ ድመት፣ ወፍ?»

ኮሪና ወደ ኤቫልት አላየችም። ወደ ገርሊንደም አላየችም። ጫማዋን እያየች «የለንም» አለች። ኤቫልት ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አዞረው። ዶክተሯ ጻፈች። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ገርሊንደ ጆሮ ውስጥ ከሁሉም ድምፅ በላይ ጮኸ። ያ የተጻፈው ቃል ነው ክኒኑን የሚመርጠው፤ ያ ቃል ነው ልጅቱን ወደ ቤት የሚመልሳት፣ ወደዚያ አልጋ፣ ወደዚያ ትንፋሽ። «መጠኑን እንጨምርላታለን» አለች ዶክተሯ፤ «ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።» ኤቫልት ተነስቶ የኮሪናን ኮት ከመስቀያው አወረደ። አንዱን እጅጌ አጠለቀላት። ገርሊንደ በትራሙ ውስጥ የደረደረችው ሁሉ ጠፋባት፤ አንድም ቃል የለም። ኤቫልት ሁለተኛውን እጅጌ አጠለቀላት።

«አለን» አለች ገርሊንደ።

ዶክተሯ ቀና አለች። «ምን አላችሁ?»

«ርግብ። ሠላሳ ሁለት ርግብ አለን። በአፏ ታጎርሳቸው ነበር።»

«በአፏ ማለት?»

እንዴት ይነገራል ይህ? ገርሊንደ ሁለት ጣቷን እንደ ምንቃር አጋጥማ ከንፈሯ መሃል አስገባችና አሳየቻት፤ ሰባ ዓመት የሆናት ሴት፣ ባርኔጣዋን እንዳደረገች፣ ጣቷን እንደ ሕፃን አፏ ውስጥ ከትታ። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ማንም ሳይጠይቃት ገርሊንደ ቀጠለች፤ «አተሩን የላጥኩት እኔ ነኝ። ማታ ማታ። እኔ ነኝ የላጥኩት።»

«ኦማ!» አለች ኮሪና። ኤቫልት የልጅቱን ኮት ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆልፎ ጨረሰ፤ ባርኔጣውን ደፋ፤ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ዶክተር ኩልማን ያኔ ስልኩን አንስታ ነበር።

በአምቡላንሱ ውስጥ ኮሪና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገርሊንደ ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ወንበር ተቀምጣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ከመንገዱ ጉድጓድ ጋር ሁሉም ነገር ይንኳኳል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ልጅቱ ሳትዞር «ገደልሻቸው» አለች።

«አዎ።»

«ኦፓንም ገደልሽው።»

 ልጅቱ ልትቀጥል ፈልጋ ሳሉ ያዛት፤ ሲለቃት እየተናነቃት «ለምን ቀድመሽ አትነግሪኝም? ለምን እዚያ፣ በሰው ፊት?» ብላ ጮኸች። ገርሊንደ ጩኸቱን አዳመጠች። ትቆጣ። የፈለገችውን ያህል ትቆጣ። የምትቆጣ ሰው ሳንባ አላት። ወዲያው ደግሞ ቁጣው ትንፋሽ ይጨርስባታል ብላ ፈራችና «ነገ ትሰድቢኛለሽ፤ አሁን ዝም በይ የኔ ልጅ» አለቻት።

ሆስፒታል ውስጥ ቶሎ ቶሎ አደረጉት። ደም ቀዱ፣ የደረት ራጅ አነሱ፣ ሌላ ዓይነት መድኃኒት በክንዷ ላይ አንጠለጠሉ፣ ሆዷ ላይ ቀበቶ አሰሩ። ከማሽኑ ውስጥ የጽንሱ ልብ እንደ ፈረስ ኮቴ ይሮጣል። ገርሊንደ ነጭ የለበሰውን ወጣት ሐኪም እጅጌውን ያዘችው። «ፈጠነ እኮ! ይህ አልፈጠነም?» አለች። «የሕፃን ልብ ይፈጥናል እናቴ። የናትየው ትኩሳትም ያፈጥነዋል» አላት። «ታዲያ ይተርፋሉ?» ሐኪሙ አልዋሻትም። «ዛሬ መናገራችሁ መልካም ነው። ሌላውን መድኃኒቱ ሥራ ሲጀምር ነው የምናየው» አለና ሄደ። አስወጧት፤ ኮሪደር ላይ አረንጓዴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከበሩ ውስጥ ኮቴው ይሰማታል። ሲፈጥን ልቧ ይፈጥናል፤ ቀበቶው ሲንሸራተትና ድምፁ ሲቋረጥ የሷም ይቆማል፤ ነርሷ ገብታ ስታስተካክለው እንደገና ሁለቱም ይነሳሉ።

ቀኑ ሊመሽ ሲል ኤቫልት መጣ። የኮሪናን ሻንጣ ይዟል። ሲከፍተው ሦስት የሌሊት ልብስ፣ የገርሊንደ የቤት ጫማና አንድ ትልቅ የመታጠቢያ ፎጣ አለበት፤ ሳሙና የለም፣ የጥርስ ብሩሽ የለም። ከአንድ ወንበር አልፎ ተቀመጠ። ባዶው ወንበር በመሃላቸው ቀረ። በሩን ለብዙ ጊዜ አየው። «ያ ድምፅ የሕፃኑ ነው?» አለ። «የሱ ነው።» አዳመጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እየቆጠረ እንደሆነ ገባት።

«ከእንስሳት ሐኪሙ ደውለውልኝ ነበር» አለ ኋላ። «ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይመጣሉ። መርምረው ነው የሚወስኑት አሉ። መድኃኒትም አለው ብለዋል፤ ምናልባት ሁሉንም ላይወስዱ ይችላሉ። እኔ ራሴ አንድ በአንድ እይዝላቸዋለሁ አልኳቸው። የሰው እጅ አያውቁም። ባዕድ ሲይዛቸው ክንፋቸውን ይሰብራሉ።»

«ደግ አደረግክ።»

«ደግ አይደለም። ሌላ ምን ላድርግ?»

ይህን ሲል ነው ገርሊንደ ዞር ብላ በደንብ ያየችው። ኮሪደሩ ውስጥ ማሞቂያው ይንተከተካል፤ ጠያቂው ሁሉ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሏል። ኤቫልት ግን እስከ አገጩ ቆልፏል፣ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል፣ ጉልበቱ ደግሞ በልብሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከግንባሩ ላይ ላብ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ቆሟል። ባዶውን ወንበር ተሻግራ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። እንደ ምድጃ በር ፈጃት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ኤቫልት።»

«ከእሑድ። ትንሽ ነው።»

«ትስላለህ?»

«እላይ እወጣና እስላለሁ። እነሱ አይናገሩብኝም።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በአምቡላንሱ ውስጥ የሰማችውን ያንን ሞረድ ገርሊንደ ከሻርፑ ሥር፣ በአፍንጫው ታፍኖ ሰማችው። ልትነሳ ስታኮበክብ አየና የሹራቧን እጅጌ ያዘ። «ዝም በይ ሊንደ። ስሚኝ። ዛሬ ከነገርሽ እዚሁ ያስተኙኛል። ነገ ማን ይይዛቸዋል? አንድ ሌሊት ነው የምልሽ። ጠዋት እነሱን አስረክቤ ራሴ በእግሬ እመጣለሁ። አንድ ሌሊት ብቻ።»

ዓይኑን እያየች ዓይኗ እንባ ሞላ። እጁ እንደ ልጅ እጅ አጥብቆ ይዟታል፤ እንዲህ አጥብቆ መቼ ይዟት እንደሚያውቅ አታስታውስም። ገርሊንደ አልታገለችውም። የሹራቧን ቁልፎች በሌላው እጇ አንድ በአንድ ፈታች፣ ክንዷን ከእጅጌው ሳበች፣ ሹራቡን እጁ ላይ ተወችለትና በቀሚሷ ብቻ ወደ ኮሪደሩ መሃል ወጣች።

«ሲስተር!» ብላ ተጣራች። ድምፅዋ ከግድግዳ ግድግዳ አስተጋባ፤ ሰዎች ዞረው አዩዋት። «ሲስተር፣ እዚህም አንድ አለ!»